ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ውሃ ማጣት፦ የጎማ ኮሌራ እና የክሎሪን ስሌት

የኪቩ ሐይቅ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ 480 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 በዚህ ሐይቅ ዳር ባለችው ጎማ ከተማና በዙሪያዋ፣ በአንድ ወር ውስጥ ወደ 50,000 የሚጠጉ ስደተኞች ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው ተቅማጥ ነው። መጀመሪያ ኮሌራ መጣ፤ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ።

በችግር ጊዜ ውሃን በኬሚካል ስለማከም ሲወራ ጨዋታው ሁሉ "በሊትር ስንት ጠብታ?" በሚለው ዙሪያ ነው። ጠብታውን ማወቅ ጥሩ ነው፤ እኔም እዚሁ እጽፈዋለሁ። ጎማን የመረጥኩት ግን ጠብታውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ሞልቶ ሳለ ይህ ሁሉ ሕዝብ ስላለቀ ነው። ክሎሪን ያኔም ርካሽ ነበር። የከተማ ውሃ በክሎሪን መታከም የጀመረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ጥቂት ቀናት፣ ጠንካራ መሬት

በሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋው የጀመረው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ጁላይ ላይ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር የተባለው አማፂ ጦር አገሪቱን ሲቆጣጠር እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር አቋርጦ ወደ ዛየር፣ ወደ ዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ጎረፈ። በሽሽቱ ውስጥ በግድያው የተሳተፉ ነበሩበት። እናቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ከጁላይ 14 (ሐምሌ 7 ቀን 1986 ዓ.ም.) ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ከ500,000 እስከ 800,000 ሰው ጎማ አካባቢ ሰፈረ።

የዚህ ቁጥር ክብደት የሚገባን መሬቱን ስናውቅ ነው። ጎማ የተቆረቆረችው የኒራጎንጎ እሳተ ገሞራ አፍስሶት በረጋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። አካፋና ዶማ አይበግረውም። ስለዚህ መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር የማይታሰብ ሆነ። መቃብርም እንደዚያው። ሬሳ በጨርቅና በምንጣፍ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ይደረደር የነበረው ለዚህም ጭምር ነው። ሰው ባገኘበት ይጸዳዳል፤ ከዚያ በዚያው እግሩ ውሃ ሊቀዳ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የሚቀዳበት ዳርቻ የሚታጠብበትም ነው።

ትላልቆቹ ካምፖች ሦስት ነበሩ፤ ሙጉንጋ፣ ኪቡምባና ካታሌ። ሙጉንጋ ለሐይቁ ቅርብ ነው። ኪቡምባና ካታሌ ግን ወደ ሰሜን፣ ከሐይቁ ርቀው፣ በዚያው በእሳተ ገሞራ አገር ላይ ናቸው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጁላይ 20 ላይ የመጀመሪያው የኮሌራ በሽተኛ ታወቀ። ሰዎቹ ድንበር ከተሻገሩ ሳምንት እንኳ አልሞላቸውም። ኮሌራ ወደ ሆድ ከገባ በኋላ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ቢዘገይ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ታማሚ ሲታወቅ ሌላው ሕዝብ ያንኑ ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። በዚያ ወር በየቀኑ ከ10,000 ሰው ከ20 እስከ 35 ይሞት ነበር። በእርዳታ ሥራ ከ10,000 ሰው በቀን አንድ ሰው መሞቱ ራሱ የአደጋ ጊዜ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

አሁን ወደ ውሃው። በመጀመሪያው ሳምንት የእርዳታ ድርጅቶች ማቅረብ የቻሉት የታከመ ውሃ ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ሰው በቀን 0.2 ሊትር ነበር። ብርጭቆ አይሞላም። ኮሌራ የጠናበት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። የቀኑ ድርሻው በ12 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። ጤነኛውም ቢሆን በ0.2 ሊትር ቀን አይውልም። ስለዚህ ሐይቁን ጠጣ። ይህን ድንቁርና ነው የሚል ካለ አንድ ቀን በዚያ መጠን ውሎ ይሞክረው።

ለምን አላፈሉትም?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህን ነው። አፍልተው ቢጠጡ ኖሮ! እውነት ነው፣ በውሃ የሚመጡትን የተቅማጥ ጀርሞች ማፍላት ይገድላቸዋል። ችግሩ ማገዶው ነው። 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት እስከ 1 ኪሎ እንጨት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንል፣ ለ800,000 ሰው በየቀኑ 4 ሚሊዮን ኪሎ እንጨት! የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ደን ለምግብ ማብሰያው ብቻ እንኳ ክፉኛ ተጨፍጭፏል። ለውሃ ማፍያ የሚተርፍ አልነበረም። በድስት ልክ የሚሠራ መፍትሔ በሕዝብ ልክ የማይሠራበት ጊዜ አለ።

ክሎሪን የተለየ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ እኔ መጀመሪያ ስሠራው ገርሞኛል።

800,000 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር፦ 4 ሚሊዮን ሊትር ውሃ በቀን። ለአንድ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንጨምር። ይህ ጠንከር ያለ መጠን ነው። ድምሩ 20 ኪሎ ንጹህ ክሎሪን ይመጣል። በውሃ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ኤችቲኤች የሚሉት ዱቄት፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ማለት ነው፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ክሎሪን ይሰጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 29 ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ነው። ለ800,000 ሰው የአንድ ቀን ውሃ! አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት የሚሄድ ነገር ነው።

ይኸው ውሃ በቦቴ ይምጣ ብንል ግን፣ 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ 400 ምልልስ ነው፤ በየቀኑ፣ በሕዝብ በታጨቀ መንገድ ላይ። ያ የ0.2 ሊትር ድርሻ በዚህ ሒሳብ 16 ቦቴ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ከባዱ ነገር ኬሚካሉ አይደለም፤ ውሃው ነው። ውሃው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ተቀምጧል። ሕዝቡ ራሱ በገዛ እጁ ቀድቶ እየተሸከመው ነው። እንግዲህ ቀላሉ መንገድ ውሃውን ወደ ክሎሪኑ ማምጣት ሳይሆን ክሎሪኑን ወደ ባልዲው መውሰድ ነበር።

ባልዲው ላይ

ይህ አሠራር የታወቀ ነው። በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ የባልዲ ክሎሪን ይሉታል። አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው።

ጠዋት አንድ ሰው 15 ግራም ኤችቲኤች በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠብጣል። ይህ 1 በመቶ ክሎሪን ያለው ብጥብጥ ይሰጠዋል። የሚበጠብጠው በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ብረት ይበላበታል። የሚሠራው ውጭ፣ አየር ባለበት፣ ጓንት አድርጎ ነው። ዱቄቱ ላይ አሲድነት ያለው ነገር ከፈሰሰ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ቀልድ አይደለም። ብጥብጡ ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይረጋል። የሚፈለገው ከላይ ያለው ጥሩው ነው። ያ ወደ ሌላ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ዕቃ ይገለበጣል። ፀሐይና ሙቀት ክሎሪን ያዳክማሉ፤ ስለዚህ በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ አዲስ ይሠራል።

ከዚያ መጠኑ ይፈተናል። አራት ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች ከሐይቁ ተቀድተው ይደረደራሉ። በስሪንጅ አንደኛው ላይ 2 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው ላይ 4፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 8 ይጨመራል። ተማስሎ ይከደናል። 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ከየባልዲው ትንሽ ውሃ ወደ መለኪያው ይቀዳና የመመርመሪያዋ ክኒን ትገባለች። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ምንም ሮዝ ካልታየ ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ክሎሪኑን ሁሉ በልቶታል፤ ጀርም የሚገድል አልተረፈም። የሚፈለገው ከ30 ደቂቃ በኋላም በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ገደማ ክሎሪን መትረፉ ነው። ይህ ቀሪ ክሎሪን ይባላል። በትንሹ ጨምሮ ይህን የሚያሟላው ባልዲ የዚያ ዳርቻ መጠን ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የሰው ነው። ስሪንጅ የያዘ ሰው ዳርቻው ላይ ይቆማል። ቀድቶ የሚወጣ ሁሉ ጀሪካኑን ከፍቶ ያስጨምርለታል፤ "ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትጠጪ እሺ እናቴ" ይባላል፤ ቀጣይ። በደቂቃ ለሁለት ጀሪካን ቢደርስ በ10 ሰዓት 1,200 ነው። 4 ሚሊዮን ሊትር ማለት 200,000 ጀሪካን ነው። ሲካፈል 170 የማይሞላ ስሪንጅ ያዥ ይበቃል። ከስደተኞቹ መካከል አስተማሪውም፣ ነርሱም፣ ተማሪውም ነበር። በአንድ ሰዓት ስልጠና የሚያዝ ሥራ ነው።

ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል፤ አውቃለሁ። ስሌቱ የሚሠራው ሐይቁ ደርሶ መቅዳት ለሚችል ሰው ነው። ኪቡምባ ያለ ሰው ጋ ባልዲ እንጂ ሐይቅ የለም፤ እዚያ ከቦቴ ውጭ መላ አልነበረም። በሽሽት የመጣ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጀሪካንም የለውም። በድስት፣ በላስቲክ፣ ባገኘው ነገር ይቀዳል። መጠኑ በማይታወቅ ዕቃ ላይ ስንት ሚሊ ሊትር ይጨመራል? ስለዚህ ከክሎሪኑ ጋር አብሮ መድረስ ያለበት ባዶ ጀሪካን ነው። ለኔ ከእርዳታ ዕቃዎች ሁሉ የተናቀው ይህ ነው። ፎቶ ላይ አያምርማ።

ሐይቁ የደበቀው ነገር

ኪቩ ጨው ጨው የሚል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ወደ 9 የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ይህ ለክሎሪን መጥፎ ዜና ነው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ጀርም ቶሎ የሚገድል፣ ሌላኛው ደካማ። ፒኤች 7.5 ላይ እኩል በእኩል ናቸው። ፒኤች 9 ላይ ግን ኃይለኛው ከመቶ 3 እጅ ገደማ ብቻ ይሆናል። መለኪያው ያው ሮዝ ያሳያል፤ የመግደል አቅሙ ግን ወርዷል። "0.5 ቀሪ ክሎሪን፣ 30 ደቂቃ" የሚለው ደንብ ራሱ የተጻፈው ፒኤች ከ8 በታች ለሆነ ውሃ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ወይ መጠኑ ይጨመራል፣ ወይ የመቆያው ጊዜ ይረዝማል። ከላይ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ብዬ ያጠነከርኩት ለዚህ ነው።

ደግነቱ የኮሌራ ጀርም ለክሎሪን በጣም ስስ ነው። በደካማውም መልክ ይሞታል። ወረርሽኙ የኮሌራ ሳይሆን የጃርዲያ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ይከብድ ነበር። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ለመጠጥ በሚሆን መጠን ክሎሪን ጨርሶ አይበገርም፤ እሱ የሚወገደው በማፍላት ወይም በጥሩ ማጣሪያ ነው። ነዳጅ፣ ፀረ ተባይና የመሳሰለው የገባበት ውሃም በክሎሪን አይድንም።

አንድ ሰው፣ አንድ ጀሪካን

ይህን የሚያነብ ሰው 800,000 ሰው አያጠጣም። ስለዚህ ያንኑ ነገር ወደ ቤት መጠን እናውርደው።

የተለመደው በረኪና፣ 5 ወይም 6 በመቶ የሆነው፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ለጠራ ውሃ በሊትር 2 ጠብታ ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ አስቀምጦ ማስረጋት፣ ከላይ ያለውን በንጹህ ጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያ መጠኑን እጥፍ ማድረግ። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ክሎሪኑ ከጭቃው ጋር ሲታገል ያልቃል፤ ጀርሙም በጭቃው ተከልሎ ያመልጣል። 30 ደቂቃ ይጠበቃል። መመርመሪያ ከሌለ አፍንጫ አለ፦ ትንሽ የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ከሌለ ያንኑ መጠን መድገምና ሌላ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ሁለተኛም ካልሸተተ ያ ውሃ ይደፋ፣ ሌላ ይፈለግ። ዕቃ ቤት ውስጥ ዓመት የተቀመጠ በረኪና ጉልበቱ ስለሚደክም ጠብታው ልክ ሆኖ ውጤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለችግር ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ የክሎሪን እንክብል ይሻላል፤ ታሽጎ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ መለካትም የለበትም። የሚጠበቀው እንክብሉ ለስንት ሊትር እንደተሠራ ማንበብ ብቻ ነው፤ ለ1 ሊትርም ለ20 ሊትርም የሚሆን አለ።

ለቁስል የሚሆነው ባለ 2 በመቶ አዮዲን በሊትር 5 ጠብታ ይሠራል። ለነፍሰ ጡርና የእንቅርት ዕጢ ችግር ላለበት ሰው አይሆንም፤ ለሌላውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የሚጠጣ አይደለም። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውሃውን ሮዝ ስላደረገው ብቻ የሚተማመኑበት አሉ። እኔ አልመክረውም።

ጣዕሙ ነገር ቀላል አይደለም። ክሎሪን የበዛበት ውሃ ሰው አይጠጣም። ልጅ ደግሞ ጭራሽ። አብዝተው ሲጨምሩበት "በደንብ ገደልነው" ይላሉ፤ ሰውየው ዞር ብሎ ያልታከመውን ይጠጣል። በጎማ ሁኔታ ያ ማለት ተመልሶ ሐይቁ ነው። ለዚህ ነው መጠኑ በግምት ሳይሆን በአራቱ ባልዲ የሚፈተነው።

ቀሪ ክሎሪን የሚፈለግበት ሌላም ምክንያት አለ። ንጹሁ ውሃ ድንኳን ከገባ በኋላ የስንት ሰው እጅ ይነካዋል። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ውስጥ ኩባያ ይነከራል፣ ከኩባያው ጋር ጣት ይነከራል። ጠባብ አፍና ክዳን ያለው ጀሪካን ግማሹን ችግር ያስቀራል፤ የቀረውን የሚይዘው ያ ቀሪ ክሎሪን ነው።

ውሃው ሲደርስ

በጁላይ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር የውሃ ማጣሪያ መሣሪያዎችን ይዞ ጎማ ገባ። የእርዳታ ድርጅቶችም ፓምፕ፣ ትልልቅ ታንከርና ቦቴ አስገቡ። አቅርቦቱ ከሳምንት ሳምንት ተሻሻለ። ኮሌራው ግን አልጠበቀም። የመጀመሪያው በሽተኛ ከታወቀ በኋላ በሳምንት ገደማ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር። ማሽቆልቆሉ የውሃው ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሊያዝ የሚችለው ሰው አብዛኛው ቀድሞ ተይዟል።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር። መሣሪያው መምጣቱ ክፉ አይደለም፤ ለኪቡምባ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ መሣሪያ አውሮፕላን፣ መንገድ፣ ነዳጅ፣ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ የሚባክኑት ቀናት ናቸው ሰው የገደሉት። 29 ኪሎ ዱቄት ግን በመጀመሪያው አውሮፕላን ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥራቱ ከማጣሪያው ቢያንስም በሦስተኛው ቀን የተገኘ ደህና ውሃ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከሚመጣ ፍጹም ውሃ ይበልጣል። የሕክምናውም ነገር እንደዚያው ነው። በኮሌራ የታመመ ሰው ኦ.አር.ኤስ. (የጨውና የስኳር ቅመም) በጊዜ ካገኘ፣ የጠናበትም በደም ሥሩ ተስማሚ ፈሳሽ ከተሰጠው፣ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ኦ.አር.ኤሱም የሚበጠበጠው በውሃ ነው።

ከጎማ በኋላ የእርዳታው ዓለም ራሱን በደንብ ገመገመ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው፣ ለእርዳታ ሥራ ዝቅተኛ መለኪያዎችን የሚያወጣው የስፌር ፕሮጀክት የዚያ ግምገማ አንዱ ውጤት ነው። ዛሬ በብዙ ካምፖች የሚጠቀሰው "በትንሹ 15 ሊትር ለአንድ ሰው በቀን" የሚለው መለኪያ ከእሱ የመጣ ነው። ከ0.2 ጋር ሲነጻጸር 75 እጥፍ ነው።

ከ5 ሊትር ወደ 15 ሊትር የሚያስኬደው ምን እንደሆነ ጎማ ራሷ በኦገስት አሳይታለች። ኮሌራው ሲረግብ ሺጌላ የሚባለው ጀርም ያመጣው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተነሳ። ሺጌላም በክሎሪን ይሞታል፤ በመጠጥ ውሃ በኩል የሚመጣው በዚያው ስሪንጅ ይቆማል። ግን የኮሌራ ጀርም ጤነኛ ሰውን ለመጣል ብዙውን ጊዜ በጣም ብዙ ሆኖ መግባት ሲኖርበት፣ ለሺጌላ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ጀርሞች ይበቁታል። ይህን ያህል በጥፍር ሥር ይሸከማል። ከእናት እጅ ወደ ልጅ አፍ ለመሄድ ባልዲ አያስፈልገውም። እሱን የሚያቆመው ሳሙናና ብዙ ውሃ ነው፤ እኔ ከላይ በሠራሁት የ5 ሊትር ስሌት ውስጥ ደግሞ ለእጅ መታጠቢያ የሚተርፍ የለም።